ከኋላ ነበርኩ

ሰኞ፣ ጥር 4

ዛሬ ብሎኔን አደነቁልኝ። አምስት ነጭ ጋዋን የእጄን ራጅ ከበው ተደሰቱ። ብሎኑ ቦታው ላይ ነው፣ አጥንቱ ገጥሟል፣ «በጣም ጥሩ ውጤት»። አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ራጁን ማለቴ ነው። እኔን ያየኝ የለም።

ከዚያ የእጅ ጉልበት የምትለካ፣ የምትጨመቅ ብረት ሰጡኝ። በግራዬ ጨመቅኩ፣ መርፌው ሄደ። በቀኜ ጨመቅኩ፣ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ። «በሦስት ወር ይህ ጥሩ ነው» አለ ፎቶ አንሺው። ለማን? ግማሽ ገጽ ስጽፍ ከአውራ ጣቴ ሥር ይነድደኛል። ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ስለ መጻፍ ማንም አልጠየቀኝም፤ ቅጻቸው ላይ የለም መሰለኝ።

የእጄ ታሪክ ባጭሩ፦

ነሐሴ፣ የባጃጁ አደጋ የደረሰ ቀን። ድንገተኛ ክፍል ራጅ ተነሳሁ። «ምንም የለውም።»
እዚያው ነሐሴ። ወጌሻው ኦቦ ደበላ «ወለምታ ነው» ብለው ሁለት ሳምንት በቅቤ አሹኝ።
መስከረም መጨረሻ። ሌላ ራጅ። ተሰብሮ ኖሯል፣ ያውም ከመጀመሪያው ቀን።
ጥቅምት። ብሎን።

የኦቾሎኒ ፍሬ የምታህል የእጅ አንጓ አጥንት ሁሉንም ቂል አደረገቻቸው። ማርክ ከአሥር፦ ድንገተኛ ክፍል 2። ኦቦ ደበላ 1። ብሎን ያስገባው 8 ነበር፣ ግን «አንተ አንጓው» ብሎ ስለሚጠራኝ 6።

የቀኝ ጉልበቴ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ወረቀቴ ላይ «የፊተኛው ጅማት ተበጥሷል» ይላል፤ ቀዶ ጥገናው ከጥምቀት በኋላ ባለው ረቡዕ ነው። ዛሬ ያየችኝ ረዥም ሴት ሐኪም ወረቀቱን ከመግለጧ በፊት አስተኛችኝ። ሁለቱን ጉልበቶቼን አጥፋ፣ እግሮቼን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ ከጎን አየች።

«ቀና ብለህ እይ» አለችኝ። «የግራው ቅልጥም ከጉልበትህ በታች ወጣ ብሏል። የቀኙ ሰምጧል።»

እውነት ነው፣ ሰምጧል። አምስት ወር ሙሉ እየጎተትኩት አላየሁትም።

«የበፊቱ ሐኪም ቅልጥምህን ወደ ፊት ሲስበው መጣለት፤ የፊቱ ጅማት ተበጥሷል ብሎ ጻፈ። ግን ወደ ኋላ የሄደውን ወደ ቦታው መመለሱ ነበር። የተበጠሰው የኋለኛው ይመስለኛል።»

«ይመስልዎታል?» አልኳት።

«አዎ፣ ይመስለኛል። ኤም አር አይህ ደብዝዟል፣ ተንቀሳቅሰሃል። አዲሱ ወረፋ ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነው የሚደርስህ።»

ተንቀሳቅሻለሁ፣ አዎ። ማሽኑ ሲያንኳኳ ወንድሜ ትዝ አለኝ።

የፊቱን ከሠሩትና የተበጠሰው የኋላው ከሆነ ጉልበቴ በተሳሳተ ቦታ ታስሮ ይቀራል አለች። ከዚያ «ባጃጁ ላይ የት ነበርክ?» አለችኝ።

«ከኋላ።»

«ምን መታህ?»

«አላስታውስም።»

«ጉልበቱ እንደታጠፈ ቅልጥሙን ከፊት ብረት ሲገጨው ነው እንዲህ የሚሆነው። አብዛኛውን ጊዜ ሾፌሮች ላይ ነው የማየው።» አየችኝ። «ሐሙስ ከእናትህ ጋር ና። ዋናው ሐኪምም ይኖራሉ።»

እዚህ ደብተር ላይ ካልሆነ የትም አልጽፈውም። ባጃጁን ስነዳ የነበርኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ይማም እያስተማረኝ ነበር። ሞተ። እናቴ እሱ ሲነዳ የሞተ ይመስላታል።


ማክሰኞ፣ ጥር 5

ትምህርት ቤት። የስፖርት አስተማሪው «ጎበዝ፣ እግር እንዴት ነው?» አለኝ። በየቀኑ ይጠይቀኛል፣ መልሱን ሰምቶ አያውቅም። 0።

ከሰዓት እናቴን ላግዝ ሱቅ ሄድኩ። ሱቅ ስል ማረሚያ ቤቱ በር አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ስልኩን ይዞ መግባት ስለማይችል እናቴ ጋ ያስቀምጣል፤ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ትሰጠዋለች፣ ሲወጣ ካርቶኑን መልሶ ስልኩን ይወስዳል።

ጎረቤታችን እትዬ ፋጤ መጥታ ለስላሳ ሳጥን ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ሥራዋ ሐዘን መቀስቀስ ነው። ሰው ሲረሳ ትሞታለች።

«ይማም አላህ ይዘንለት፣ ፍጥነት ይወድ ነበር እኮ። ምን ይደረግ፣ ልጅነት ነው» አለች።

ይማም ፍጥነት ይወድ ነበር! ከአቃቂ ቃሊቲ እስኪደርስ ተሳፋሪው «ወርደን እንግፋልህ?» የሚለው ልጅ። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ሲያይ ቆሞ የሚያስብ ልጅ። ባልደረቦቹ ከቀስታው የተነሳ «ሐጂ» ነበር የሚሉት። ይህን ለመናገር አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ቀስ ብሎ የሚነዳ ከሆነ ታዲያ ማን ነው ያፈጠነው?

ከዚያ እናቴ ተናገረች። «አላህ ይዘንለት እላለሁ። ከልቤ አውፍ ብዬ ይቅር ልለው ግን አልቻልኩም። ይሄኛው ሲያነክስ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይሻክራል። ሊገድልብኝ ነበር እኮ!»

ሲቀበር «ሐቅ ያለው አውፍ ይበለው» ሲባል ሰፈሩ ሁሉ አውፍ አለ። ቤት ውስጥ ሴቶቹ እናቴን ሲጠይቋት ዝም አለች። ሐዘኑ አፏን ይዟት መስሎኝ ነበር። እናቱ ይቅር ያላለችው ልጅ መቃብር ውስጥ እንዴት እንደሚያድር በልጅነቴ ቁርአን ቤት የሰማሁት አለ፤ ብረሳው ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ፋጤ «ጉልበትህ ይማርልህ» ብላ የጉልበቴን ሎሚ መታ መታ አደረገችው። አመመኝ።


ረቡዕ፣ ጥር 6

አጎቴ ሁሴን መጣ። የእናቴ ወንድም ነው፣ የጭነት መኪና ሾፌር። ዓለምን ሁሉ እንደ ኬላ ነው የሚያያት፣ እንዴት ይታለፋል ብቻ ነው ጥያቄው።

ሐኪሟ ያለችውን ነገርኩት።

«ሐኪም ናት ወይስ መርማሪ?»

«ጉልበቱ የሾፌር ነው አለች።»

«ጉልበት መንጃ ፈቃድ አለው እንዴ? ከኋላ ነበርክ፣ አለቀ!»

ነሐሴ ላይ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ትራፊኩ ደብተሩን ሲገልጥ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ያለው እሱ ነው። «ከኋላ ነበርክ በል። ሙት አይከሰስም።» መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ዕድሜዬም አልደረሰም። እምቢ እንዳልል ደግሞ «ሰው እናትህ ጋ ስልክ አስቀምጦ አንተን ሊጠይቅ እንዲገባ ነው የምትፈልገው?» አለኝ። ትራፊኩ «ከኋላ ነበርክ?» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። መናገር እንኳን አላስፈለገኝም። ራስ መነቅነቅ ብቻ።

አሁን ደግሞ «ሐኪም ማብዛት ነው ችግሩ» ብሎ መኪናው ላይ ጭኖ ኦቦ ደበላ ጋ ወሰደኝ፣ ያው ቅቤ ወዳዱ ወጌሻ። ድሮ የአካባቢው ገበሬ ነበሩ፤ አሁን ግቢያቸው በሁለት መጋዘን መሀል ተጨምቃ ቀርታለች። ዓይናቸውን ጨፍነው ጉልበቴን ሲዳስሱ እየሳቅኩ ነበር፣ በውስጤ።

«ወደ ኋላ ሄዷል» አሉ። «ከፊት ብረት ነው የመታው። መሪው ላይ ነበርክ እንዴ?»

ሳቄ ቆመ።

አጎቴ ጮኸ። «ኦቦ፣ እርስዎ አጥንቱን ይዩ! ወሬውን ማን ጠየቀዎት?»

«አጥንቱ ነው ያወራው፣ እኔ ምን አልኩ?» አሉና ቅቤውን ገፋ አደረጉት። «ይሄን እኔ አላሽም። የተበጠሰ ጅማት በእጅ አይቀጠልም። ሐኪም ጋ ይሂድ። የእጅህንም ተሳስቻለሁ ልጄ። ያቺን አጥንት ጣቴ አላገኛትም። ባላሻት ይሻል ነበር።»

በአምስት ወር ውስጥ «ተሳስቻለሁ» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው። ተናደድኩ። ልንቃቸው ነበር የሄድኩት። ማርካቸውን ወደ 5 ከፍ አደረግኩ፤ ከዚያ በላይ ግን ቅቤው አይፈቅድም።

ስንመለስ አጎቴ አውቆ ነው መሰለኝ በሌላ መንገድ ዞረ። በመጋዘኖቹ በኩል ብንሄድ ቦታው ላይ እንደርስ ነበር። ያን ቀን ካፊያ ነበር። መንገዱ ጭር ያለ፣ ዳር ላይ ተሳቢ መኪና ቆሟል። ይማም እኔን መሪው ላይ አስቀምጦ እሱ በሾፌሩ ወንበር ጫፍ ላይ ነበር፣ ግማሽ ጎኑ ውጭ። «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ይላል። ተሳቢው ሲቀርብ እግሬን ፍሬኑ ላይ አሳርፋለሁ ስል እጄ ነዳጁን ጠመዘዘ። የፊቱ ብረት ከእኔ ቅልጥም ጋር ተገናኘ። እሱ ከተሳቢው ጋር።


ሐሙስ፣ ጥር 7

ዋናው ሐኪም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽር ይፈልጋሉ። ተማሪዎቹ እያዩ አይነግሯቸውም። ጉልበቴ የተሰጠው እንግዲህ ለዚህ ሕዝብ ነው።

ሰባት ሰው ተራ በተራ እግሬን ሳበው። እንደ በዓል በግ ነው የዳሰሱኝ። አንዱ «የፊቱ ነው» ይላል፣ አንዷ «የኋላው» ትላለች፣ አንዱ ዋናው ሐኪም ያሉትን እስኪሰማ ይጠብቃል።

ዋናው ሐኪም ወረቀቱን አነበቡ። «ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተሳፋሪ። በቃ። ተወርውሮ ጉልበቱ ተጠምዝዟል፣ የፊቱ ነው።»

ረዥሟ «ዶክተር፣ የሰመጠውን ይዩት» አለች።

«አይቻለሁ። ጡንቻው ስለሳሳ ነው። ከኋላ ወንበር ምን ብረት ይመታዋል?»

ሁሉም አዩኝ። ሌላው መሣሪያ ሁሉ ነበራቸው፤ የጎደላቸው እኔ የማውቀው ነገር ብቻ ነው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ላይ የውሃ እድፍ አለ።

እናቴ «ይሰግድበታል?» አለቻቸው።

«ይሰግዳል፣ ይሮጣል» አሉ ዋናው ሐኪም።

ዕድሜዬ ስላልደረሰ የፈረመችው እሷ ናት። ስሟን አንድ በአንድ ጻፈች፣ ዘይነባ። የውሸቴ ወረቀት ላይ። በቀኝ እጄ እስክሪብቶውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

ስንወጣ ረዥሟ ተከትላን መጣች። እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጣ እኔን ወደ ጥግ ጠራችኝ። የጓንት ካርቶን ቀድዳ ስልክ ቁጥሯን ጻፈችልኝ።

«የቀዶ ጥገናው ዝርዝር ቅዳሜ እኩለ ቀን ይዘጋል» አለች። «ማን ነዳ የሚለው የኔ ሥራ አይደለም። ጉልበትህን ምን መታው የሚለው ግን የኔ ነው።»

ታክሲ ውስጥ እናቴ እጄን ይዛ «ወንድምህ ያመጣብንን አየህ?» አለችኝ።

ማርክ የለም ዛሬ።


ዓርብ፣ ጥር 8

ከጁምዓ መልስ አጎቴ ሲስቅ መጣ። መላ አግኝቷል።

«አንተ ቂል፣ የሾፌሩ ወንበር ከጀርባው ብረት የለውም? ከኋላ ተቀምጬ እሱ ነው የገጨኝ በላ! ጉልበትህ ይድናል፣ ፖሊስ ጋ ያለው ወረቀትም አይነካም። አየህ ጭንቅላት?»

ጭንቅላት ነው፣ አይካድም።

ረዥሟ ሐኪም ጋ ደወልኩ። «የሾፌሩ ወንበር ብረት ነው የገጨኝ፣ አሁን ትዝ አለኝ» አልኳት።

«ቅልጥምህን ከፊት?» አለች።

«ከፊት።»

«እሺ። ለጉልበቱ ይበቃኛል።»

ለጉልበቱ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሷ ደወለች። ዋናው ሐኪም ሰምተዋታል። ረቡዕ መጀመሪያ በትንሽ ካሜራ ጉልበቴ ውስጥ ገብተው ያያሉ፣ የቱ እንደተበጠሰ በዓይናቸው ሳያረጋግጡ ምንም አይሠሩም። ከዚያ «ደስ አላለህም?» አለችኝ። ደስ ብሎኛል አልኩ።

አጎቴ ለስላሳ ጋበዘኝ። ጠጣሁት። ጉልበቴ ተረፈ፣ ወረቀቱ ተረፈ፣ አጎቴ ተረፈ። ይማም ግን አሁን ሁለት ጊዜ ነዳ። ነሐሴ ላይ ስነቀንቅ ደንግጬ ነበር፣ ትንሽ ምክንያት አለኝ። ዛሬ ግን አልደነገጥኩም። ቁጭ ብዬ፣ ሒሳብ ሠርቼ፣ ደውዬ ነው። ድንገተኛ ክፍሉም፣ ቅቤውም፣ መነጽር ፈላጊውም ሳያውቁ ነው የተሳሳቱት።

እኔ 0። ከእትዬ ፋጤ በታች።


ቅዳሜ፣ ጥር 9

የጠያቂ ቀን። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ነው። እናቴ ስልክ ትቀበላለች፣ እኔ ካርቶን አቀብላለሁ። እጄ በሙቀት ይሻለዋል።

ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ስልኩን እየዘረጋ ሳነክስ አየኝና «ኳስ ነው?» አለ።

እናቴ ቀና ሳትል መለሰችለት። «የምን ኳስ፣ ወንድሙ ነው እንዲህ ያደረገው።»

ለማያውቀን ሰው። ስሙን እንኳን አልጠራችም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ?» አለች።

«ስነዳ የነበርኩት። ይማም እያስተማረኝ ነበር። ፍሬን ልይዝ ብዬ ነዳጅ ሰጠሁ።»

ከዚህ የተሻለ አነጋገር አስቤ ነበር፣ ብዙ ጊዜ። እንዲህ ነው የወጣው። የሰውዬው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። እናቴ ካርቶኑን ከእጄ ወስዳ ሰጠችው። ስልኩን በላስቲክ አሰረችው፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። የሚቀጥለውን ተቀበለች። የሚቀጥለውን። ሰልፉ እስኪያልቅ አንድም ሰው አላሳሳተችም። እኔ ቁጥር አቀያይሬ ነበር፣ እሷ አስተካከለችው።

ሰልፉ ሲያልቅ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ፈጥኖ ነበር?»

«እኔ ነኝ ያፈጠንኩት። እሱ ቀስ በል እያለኝ ነበር።»

«ቀስ በል እያለህ?»

«አዎ።»

«ሁሴን ያውቃል?»

«ያውቃል። ከኋላ ነበርክ በል ያለኝ እሱ ነው።»

ነጠላዋን አጣፋች። «ስልኮቹን ጠብቅ» ብላ ወጣች። በጠያቂ ቀን ሱቋን ጥላ ሄዳ አታውቅም፣ ስትታመም እንኳን። አስፋልቱን ተሻግራ እስክትጠፋ አየኋት።

ከዚያ ጠያቂዎቹ አንድ ላይ ወጡ። ሃያ ሰው ካርቶን እየወዘወዘ ይጮህብኛል። የአንዷን ስልክ ለሌላዋ ሰጠሁ። አንዲት አሮጊት «አንተ ደንባራ፣ እናትህ የታለች?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው፣ እውነቴን ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስገባ አልመጣችም። ሲመሽ መጣች። እራት አቀረበች። አልበላችም።

ሐኪሟ ጋ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። «ገምቼ ነበር» አለች። «ጉልበቱን አይለውጠውም። ደህና ነህ?» መልሱን ጠበቀች። መልስ ስትጠብቅ ያየኋት የመጀመሪያዋ ጠያቂ ናት።


እሁድ፣ ጥር 10

ከተራ ነው፣ መንገዱ ስለተዘጋ አጎቴ በእግሩ መጣ። ላብ በላብ ሆኖ በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«ጨረስከን! አንተ ልጅ ጨረስከን!»

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ግን እንዲህ ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም።

«ሁሴን፣ ድምፅህን ቀንስ። ትላንት ቤትህ መጥቼ አጣሁህ፣ ለቤተሰብህ ተናግሬ ተመለስኩ። አምስት ወር ሙሉ ከሬሳ ጋር ተጣልቼ ስኖር አጠገቤ ቁጭ ብለህ ትበላ ነበር።»

«ለልጁ ብዬ ነው፣ እታለም። ሊታሰርብሽ?»

«የትኛው ልጅ?»

አጎቴ የኬላውን ማለፊያ ፈለገው፣ አላገኘውም። ጫማውን እያየ ቀረ። ልንቀው ሞከርኩ፤ ግን ያን ቀን እሱም የእህቱን አንድ ልጅ አጥቶ ሁለተኛው እንዳይሄድ ነው የፈራው። ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኔን አየችኝ፣ ከትላንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «ማክሰኞ ሆስፒታል ስትገባ ወረቀቱ ይቀየር በላቸው። ከፊት ነበርኩ ትላለህ፣ እኔም ካዲስ እፈርማለሁ። ከቀዶ ጥገናው ስትነሳ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት አብረን እንሄዳለን።»

«እሺ እማ።»

«አሁን ግን ተነስ።»

እትዬ ፋጤ ቤት ወሰደችኝ። ሦስት ሴቶች አብረዋት ነበሩ። እናቴ በር ላይ ቆማ «ንገራቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው። ይማም እንዳልነዳ። ቀስ በል እያለኝ እንደነበር። እትዬ ፋጤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው አጣች፤ ሊያስቀኝ ይገባ ነበር። ግድግዳ ያዝኩ። አንዷ ወንበር ልታመጣልኝ ስትነሳ እናቴ «ተይው፣ ይቁም» አለች።

ፖሊስ ምን እንደሚል አላውቅም። ካሜራው ምን እንደሚያሳይም አላውቅም። ረዥሟም ተሳስታ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ማርክ እሰጣታለሁ።

አሁን መጋረጃው ወዲያ ማዶ ናት። ከነሐሴ ጀምሮ ያልተነካውን የይማምን ልብስ ፌስታል ስትፈታ ሰማሁ። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እያጠፈች «ይማምዬ» ትላለች። «ይማምዬ፣ አውፍ። አውፍ ልጄ። አላወቅኩም።»

ስለ እኔ እስካሁን ምንም አላለችም።